ከመኪናው አጠገብ የቆመው ሰው ማን ነው?

(በኅብረት ሥራ ዩኒየን የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)




የድሮ ፎቶግራፍ ሲወጣ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው «መኪናው ምንድን ነው?» ብሎ ነው። አጠገቡ የቆመው ሰው ማንነት የሚነሣው ቀጥሎ ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይነሣም። በይፋት ቆላ ስለ አሮጌ መኪኖች፣ ትራክተሮችና ጭነት በሚናገሩ ፎቶግራፎች ላይ ያለው ትልቁ ጉድለት ይኸው ነው።

ከመኪና በፊት የቆላው መጓጓዣ ግመል ነበር። ከአፋር የሚመጣው ጨው አልዩ አምባ ገበያ ይደርሳል፤ ወደ አንኮበር የሚወጣው ዳገት ግን የበቅሎ፣ የአህያና የሰው ጀርባ ሥራ ነው። በ1833 ዓ.ም. እንግሊዛዊው መልእክተኛ ሃሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ ግመሎቹን ፋሬ ላይ አራግፎ ዕቃውን በሰው አሸክሞ ነው የወጣው። ካሜራ ገና ስላልደረሰ ያ ዘመን የሚታየው አብሮት በመጣው ሠዓሊ በበርናትዝ ሥዕሎች ነው።

የጭነት መኪና በይፋት በብዛት ፎቶግራፍ የተነሣው በክፉ ቀን ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ዓ.ም. የማርሻል ባዶሊዮ ጦር ከ1,700 በላይ መኪኖች አሰልፎ ከደሴ ተነሣ። ቆላውን አቋርጦ ጣርማ በር ሲደርስ መንገዱ ተንዶ ጠበቀው። ወታደሩ ድንጋይ እየደለደለ፣ መኪናውን ከጭቃ እየጎተተ አልፎ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። የፋሺስቱ መንግሥት የሉቼ ድርጅት ፎቶ አንሺዎች አብረው ነበሩ። መኪናው በስሙ ይታወቃል፤ ፊያት ነው፣ ላንቻ ነው ይባላል። ከመንገዱ ዳር የቆመ ባላገር ቢኖር ግን ስሙን የጻፈለት የለም። ለነገሩ ፎቶው የተነሣው ለእሱ አልነበረም።

በኋላ ጣሊያኖች ተራራውን ሰርስረው ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ዋሻ ሠሩ። መኪና ከሸዋ ሮቢት፣ ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ሽንኩርት የጫነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል፤ መኪናው ዳገት ላይ ተበላሽቶ ቢያድር ገበያው አይጠብቅም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ይህን ዳገት ከሚወጡት መኪኖች ስሙ ያልጠፋው ኤንትሬ ነው። ፊያት 682 ኤን 3 ማለት ነው፤ «ትሬ» በጣሊያንኛ ሦስት ነው። ሹፌሩ ይከበራል፤ ረዳቱ ደግሞ ታኮ ይዞ ጎማ ሥር ለመግባት ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ፎቶው ላይ ብዙ ጊዜ ዳር ላይ ተቆርጦ የሚቀረው እሱ ነው።

ከዚያ ትራክተር መጣ። የ1967 የመሬት አዋጅና የ1970 የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ካለፉ በኋላ በየገጠሩ የቤላሩስ ትራክተር ስም ተለመደ፤ ናዝሬት ላይም ይገጣጠም ነበር። መሪ ጨብጦ የተነሣው ሁሉ ትራክተሩን ነድቶታል ማለት አይደለም። ቢሆንም በእነዚህ ፎቶግራፎች ላይ ገበሬው ለመጀመሪያ ጊዜ መሐል ገብቷል። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ አብዛኞቹ የአምራቾች ማኅበራት ፈረሱ፤ ትራክተሩ ብረት ሆነ፣ ፎቶው በየሣጥኑ ቀረ።

ሣጥኑም ዋስትና አይደለም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሰው ልጁን ይዞ ነው የወጣው እንጂ አልበም ይዞ አይደለም። ቤት እንደገና ይሠራል፤ አንድ ቅጂ ብቻ የነበረው ፎቶግራፍ ግን አይሠራም።

ዓመቱ ያልተጻፈበትን ፎቶ ዘመን ለመገመት መኪናው ራሱ ይረዳል። አገራችን በግራ መንዳትን ትታ በቀኝ የጀመረችው በ1956 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ ከነጻነት በኋላ በተነሣ ፎቶ መኪኖች ግራ ይዘው ከታዩ ከዚያ በፊት ነው። ትራክተሩ ላይ «ማሲ ፈርጉሰን» የሚል ካለ ደግሞ ከ1950 ዓ.ም. አይቀድምም፤ ኩባንያው በዚህ ስም መጠራት የጀመረው ያኔ ነውና። የሰውን ስም ግን ከመኪናው ማውጣት አይቻልም። የሚያውቁት አዛውንቶች ናቸው፤ እነሱም በየዓመቱ እያነሱ ነው።

ስለሆነም የየማኅበሩ ጸሐፊ ከአባላት ቤት ያለውን ፎቶ ፊቱንም ጀርባውንም በስልክ አንሥቶ ዋናውን ለባለቤቱ ይመልስ። ስምና ቦታ ሲጻፍ በጀርባው፣ በለስላሳ እርሳስ ይሁን፤ እስክሪብቶ ቀለሙ ወደ ፊት ይወጣል። «እንዳይበላሽ» ብሎ በፕላስቲክ ማሸግ ፎቶውን የሚጎዳ ነገር ስለሆነ ይቅር። የስልኩ ቅጂም በአንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥ፤ አንዱ በማኅበሩ፣ አንዱ በዩኒየኑ፣ ሌላው ከወረዳው ውጭ ይሁን።

በመግቢያው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አባላት ያመጧቸው ፎቶግራፎች ተዘርግተዋል፤ እርሳስም አለ። በሻይ ዕረፍት ሰዓት አባቶችና እናቶች ጎራ ብላችሁ የምታውቁትን ሰው ስም ለጸሐፊው ንገሩት፤ የሹፌሩን፣ የረዳቱንም።