በካያክ ዓሣ ማጥመድና የባሕሩ ቅዝቃዜ



በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ ቋጥኝ በበዛበት በሜንዶሲኖ ጠረፍ፣ ካያክ በምትባለው ጠባብ ጀልባ ተቀምጦ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው አብልጦ የሚፈራው ማዕበሉን ነው። መፍራቱ ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ የከፋው ጠላቱ የውሃው ቅዝቃዜ ነው። በፀደይና በበጋ ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ የላዩን ውሃ ከጠረፉ እያራቀ ስለሚወስደው፣ በምትኩ ቀዝቃዛው ውሃ ከጥልቁ ይወጣል። ይህም ውሃ ለባሕር ዕፅዋት ምግብ የሚሆነውን ንጥረ ነገር ይዞ ስለሚመጣ፣ ሮክፊሽና ሊንግኮድ የተባሉት ዓሦች በቋጥኙ ሥር ይበረክታሉ። እንግዲህ አጥማጁን የሚስበው ሲሳይና የሚያሰጋው ብርድ ምንጫቸው አንድ ነው።

ሰማዩ ጠርቶ ፀሐዩ እየሞቀ፣ ውሃው 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ብቻ ሊሆን ይችላል። አንድ ብርቱ ሊንግኮድ መንጠቆውን ወደ ጎን ስቦ ጀልባይቱን ቢገለብጣት፣ የወደቀው ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ሳይወድም ውሃ ይስባል። ከ10 ደቂቃ ያህል በኋላ ጣቶቹ አይታዘዙለትም፤ ዋናተኛነቱም እምብዛም አይረዳው። ከሰውነቱ መቀዝቀዝ የተነሣ ራሱን የሚስተው ግን 1 ሰዓት ገደማ ቆይቶ ነው። ስለዚህ ብዙዎች የሚሰጥሙት ሰውነታቸው ገና ሳይቀዘቅዝ ነው።

ተንሳፋፊው ሰደርያ ከጀልባዋ ጋር ታስሮ ቢቀመጥ ምን ይጠቅማል? በደረት ላይ መቆለፍ አለበት። ልብሱም ለውሃው ቅዝቃዜ የተመረጠ ይሁን። የተገለበጠችውን ካያክ አቅንቶ ተመልሶ መውጣትንም አጥማጁ አስቀድሞ በረጋ ውሃ ደጋግሞ ሊለማመደው ይገባል፤ በቋጥኙ ሥር ለዚሁ ሥራ የሚኖረው ጊዜ እነዚያ 10 ደቂቃዎች ናቸውና።