ሻጭ የሚያውቀው፣ ገዢ የማያውቀው፦ የ1970ዎቹ ያገለገሉ የአሜሪካ መኪኖች



የዛሬው ንግግሬ ስለ አሮጌ መኪና ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የምጣኔ ሀብት መምህር ስለ ሞተርና ስለ ዝገት ምን አገባው የሚል ቢኖር፣ መልሱ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል። ጽሑፉን አስቀድመው ሦስት መጽሔቶች መልሰውት ነበር፤ ደራሲው ግን በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። አሜሪካውያን ጉድለቱ ከተገዛ በኋላ የሚገለጥ መኪናን «ሎሚ» ይሉታል። በእኛ ዘንድ በጥምቀት ዕለት የተወረወረች ሎሚ የፍቅር መልእክት ናት፤ በእነርሱ ዘንድ የጸጸት ስም መሆኗ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

መከራከሪያው እንዲህ ነው። ሻጩ መኪናውን ለዓመታት ነድቶታል፤ ገዢው የሚያየው ለግማሽ ሰዓት ነው። ደኅናውን ከብልሹው መለየት ስለማይችል ለሁሉም የአማካዩን ዋጋ ያቀርባል። በዚህ ዋጋ ደኅና መኪና ያለው ሰው መሸጡን ይተዋል፤ በገበያው ብልሹው ይበዛል፤ ገዢውም ይህን ስለሚያውቅ ዋጋውን ደግሞ ዝቅ ያደርጋል።

ዘመኑ ምሳሌ አላጣም። የ1971 ሞዴል ሸቭሮሌት ቬጋ «ሞተር ትሬንድ» በተባለው መጽሔት የዓመቱ መኪና ተብሎ ተሸልሟል። የሞተሩ ብሎክ አሉሚኒየም ነበር፤ ሲሊንደሮቹም በውስጣቸው የብረት ሽፋን አልነበራቸውም። ሞተሩ ከልክ በላይ ሲግል ሲሊንደሮቹ ይፋቃሉ፣ ዘይት መብላትም ይጀምራል። የፊት ፓራፋንጎዎቹን ደግሞ ዝገት በጥቂት ዓመታት ይበሳቸው ነበር። ሸላሚዎቹ ያዩት አዲሱን መኪና ነው፤ ሁለተኛው ባለቤት የተረከበው ግን ሌላ ነገር ነበር። በአንጻሩ ዶጅ ዳርት፣ ሲሊንደሮቹ ወደ ጎን ያዘነበሉት ባለ ስድስቱ የብረት ሞተር ሲገጠምለት፣ ማንም ያላደነቀው ነገር ግን እንዲሁ የሚሠራ መኪና ነበር።

አምራቹ ለ1976 ቬጋ ሞተር የአምስት ዓመት ወይም የ60,000 ማይል ዋስትና ሰጠ። አከርሎፍ የጠቀሰው መድኃኒት ይኸው ነው፤ ይሁንና ስም አንዴ ከጠፋ ዋስትና ዘግይቶ ይደርሳል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የማይል መቁጠሪያው ነው። በብዙዎቹ መኪኖች ላይ አምስት አሃዝ ብቻ ስለነበረው ከ99,999 በኋላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። እንግዲህ 30,000 የሚያሳይ መቁጠሪያ 130,000 የተነዳ መኪና ሊሆን ይችላል፤ ሻጩ መዋሸት እንኳ አያስፈልገውም፣ ዝም ማለት ይበቃዋል። መቁጠሪያውን ወደ ኋላ መመለስን የፌዴራል ሕግ የከለከለው በ1972 ነው። ሕጉ ሻጩ የተነዳውን ርቀት በጽሑፍ እንዲያሳውቅም አስገድዷል። እውቀትን ከሻጭ ወደ ገዢ በግዴታ ማሸጋገር ማለት ይህ ነው።

ዛሬ እነዚህን መኪኖች የሚፈልጉ ሰዎች «የድሮ መኪና ጠንካራ ነበር» ሲሉ እሰማለሁ። አልስማማም። የምናየው የተረፉትን ብቻ ነው፤ የወደቁት ከተጨፈለቁ ቆይተዋል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሞዴሉ ዝና ብዙ አይነግረንም፤ በጥንቃቄ የተያዘ ቬጋ ከተጣለ ዳርት ይሻላል። የሚነግረን የዚያች የአንዲቷ መኪና ታሪክ ነው፦ የጥገና ደረሰኞቿ፣ ያደረችበት ቦታ፣ ከሥር ያለው ሻንሲ። ሞተር ሊታደስ ይችላል፤ የበሰበሰ ሻንሲ ግን ከመኪናው ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። ዝገትም በስቱኮና በአዲስ ቀለም ይሸፈናል። ስለዚህ ልምድ ያለው ገዢ ትንሽ ማግኔት በኪሱ ይዞ ይሄዳል፤ ማግኔት ብረት ላይ እንጂ ወፍራም ስቱኮ ላይ አይጣበቅምና።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።