ተፈቶ የሚጓዝ የብረት ድልድይ
(በሞያሌ፣ ኬንያ ለስደተኛው ማኅበረሰብ ከተደረገ ንግግር)



ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ በሌለበት በሞያሌ ስለ ድልድይ መናገሬ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። ሆኖም እህሉም መድኃኒቱም የሚመጣልን ከሩቅ ነው። ድልድይ ሲሰበር የሚሆነውን በአገራችን አይተናል። በሰኔ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ከሽሬ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የተከዜ ድልድይ በጦርነቱ ሲፈርስ፣ የእርዳታ መኪና በዚያ በኩል ማለፍ አልቻለም። ቀድሞም በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲሸሽ የአዋሽን ድልድዮች አፍርሶ ነው የሄደው።

በዚያው ዘመን እንግሊዞች ለዚህ ችግር መላ ይፈልጉ ነበር። ዶናልድ ቤይሊ የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1940 መጨረሻ ንድፉን አቀረበ፤ በ1941 ተፈተነ፤ በ1942 ቱኒዚያ ውስጥ ሥራ ላይ ዋለ።

የድልድዩ ጎንና ጎን በብረት ፍሬሞች የተሠራ ነው። አንዱ ፍሬም 3 ሜትር ይረዝማል፤ ቁመቱ 1.5 ሜትር፣ ክብደቱ 260 ኪሎ ያህል ነው። ስድስት ሰው ይሸከመዋል፤ ክሬን አያስፈልግም። ፍሬሞቹ በፒን እየተያያዙ በአንደኛው ዳር ይገጠሙና በሮለር ላይ ተገፍተው ወደ ማዶ ይሻገራሉ። ከፊት ቀለል ያለ ጊዜያዊ ብረት ይቀጠላል፤ የኋላው ክብደት ስለሚበልጥ ድልድዩ ወደ ገደሉ አይደፋም። ከባድ መኪና የሚያልፍበት ከሆነ ፍሬሞቹ ጎን ለጎን፣ ወይም አንዱ ባንዱ ላይ ይደረባሉ። በሲሲሊና በኢጣሊያ ብቻ ከ3 ሺህ በላይ ተተክለዋል።

ቋሚ ድልድይ ሲሠራ ይፈታል፤ በመኪና ተጭኖ ሌላ ወንዝ ላይ ይተከላል። ከጦርነቱ በኋላም የሰላማዊው ሕዝብ ሆነ፤ በኢትዮጵያም በኬንያም ጎርፍ ድልድይ ሲወስድ ይህን መሰል ተገጣጣሚ ያመጣሉ። ለጥቂት ወራት የተባለው ግን ብዙ ዓመት ይቆያል። (ጊዜያዊ የሚለውን ቃል እኛ ስደተኞች እናውቀዋለን!)

አደጋውም ከዚህ ይመጣል። ፒኗ በአንድ እጅ የምትያዝ ቁራጭ ብረት ናት፤ ፍሬምን ከፍሬም የምትይዘው ግን እርሷ ናት። ለቁራሌው ወይም ለቀጥቃጩ ብሎ የሚነቅላት ሰው መንገዱን በሙሉ ነቀለ ማለት ነው። የክብደት ልኩም በመግቢያው ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ለጌጥ አይደለም። በጭነት መኪና የምትሳፈሩ ወገኖች፣ ሹፌሩ ድልድዩ አፍ ላይ አቁሞ ውረዱ ሲላችሁ አትቆጡት፤ መኪናው ባዶውን ይለፍ፣ እናንተ በእግራችሁ ተከተሉ።