ብዕር ሰብሳቢ ምን ይሰበስባል?

(ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ስለ አሮጌ ብዕር ልንናገር ስንነሣ «ከዚህ የበለጠ ጉዳይ ጠፋ ወይ?» የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። ቢሆንም ለጥቂት ደቂቃ ጆሮአችሁን አውሱን።

በመጀመሪያ ጥፋታችንን እንናዘዝ። ከመርካቶ ምናለሽ ተራ አንድ አሮጌ ፓርከር 51 አግኝተን ገዛን። ከደስታችን ብዛት የዚያኑ ዕለት ማታ በጥርስ ሳሙና ፈትገን አብለጨለጭነው። በማግሥቱ ለአንድ ዐዋቂ ብናሳየው አገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ። ለካስ የፋብሪካውን ስምና ዘመኑን የምታሳየውን ትንሽ ቁጥር አብረን ፍቀናት ኖሯል። ብዕሩ አበራ፤ ታሪኩ ግን ጠፋ።

ፓርከር 51 ለገበያ የቀረበው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1941 ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ስለ ተሠራ ብዙ ሰው ሁሉም አንድ ይመስለዋል። አስተውሎ ለሚያይ ግን ልዩነቱ ብዙ ነው። እስከ 1948 ገደማ የተሠሩት በጅራታቸው ያለችው ትንሽ ክዳን ስትፈታ ቀለም መሳቢያው ይገኛል፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት ግን ገላቸው ሲፈታ በጣት የሚጨመቅ ከረጢት አላቸው። ከፊተኞቹ አንዳንዶቹ በክዳናቸውም በጅራታቸውም እንደ ፈርጥ ያለ ጌጥ ተደርጎባቸዋል። ፕለም የተባለው ወይን ጠጅ ቀለም ለአጭር ጊዜ ብቻ ስለ ተሠራ ብርቅ ነው፤ ሆኖም በርገንዲ ከተባለው ከተለመደው ጋር ብዙ ሰው ያሳስተዋል። እንግዲህ ብርቁን ለማግኘት አስቀድሞ የተለመደውን ጠንቅቆ ማወቅ ግድ ነው።

ይህንኑ የሰብሳቢ ዓይን ይዘን ወደ ጎጃም፣ ቢቸና አጠገብ ወደሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ ሄድን። ዲማ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የተማሩበት ስመ ጥር ጉባኤ ነው። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን የሚቆጥረው በልቡ ነው፤ ብዕር የሚያስፈልገው ብራና ለሚጽፈው ነው። በግዕዝ «ብርዕ» ማለት መቃ ነው። የወርቅ ጫፍ ያለውን ፓርከር «ብዕር» ስንለው ሳናውቀው በመቃ ስም እየጠራነው ነው።

አንድ አረጋዊ ቁም ጸሐፊ ሁለት የቀለም ቀንድ ከመሬት ተክለው፣ ብራናቸውን በጉልበታቸው ይዘው ሲጽፉ አገኘናቸው። አንዱ ቀንድ ጥቁር፣ ሌላው ለቅዱሳን ስም የሚሆነውን ቀይ የያዘ ነው፤ ብዕሩም ለየቀለሙ ለየብቻ ነው። ጥቁሩ ከጥላሸት፣ ከተቆላ እህልና ከቅጠል ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ ወራት የሚቆይ ነው። የብዕሮቹ ጫፍ እንደ ፊደሉ መጠን አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ቀጭን ነው፤ ፍጹም የሚመሳሰሉ ሁለት የሉም። ጎመጀን።

«የኔታ፣ ብዕሩንና ቀንዱን ይሸጡልናል?» አልናቸው።

ፈገግ ብለው፣ «ብዕሩንስ እንካችሁ፤ ነገ ሌላ እቀርጻለሁ። ቀንዱ ግን የመምህሬ ነው። ለመሆኑ ልጆቼ፣ ካልጻፋችሁበት ምን ይሆናችኋል?» አሉን።

ከዚያም ሰንጢያቸውን አውጥተው ደረቅ መቃ በሰያፍ ቆረጡ፤ ፋቅ ፋቅ አድርገው ጫፉን መሐል ለመሐል ሰንጥቀው ሰጡን። የፓርከርም ጫፍ የሚሠራው በዚሁ ብልሃት ነው፤ ቀለም በጠባብ ስንጥቅ በራሱ ይሳባል። የወርቁ ጫፍ ጠንካራ ማዕድን ስለ ተበየደበት ብዙ ዘመን ያገለግላል። መቃው ግን ሲጽፉበት ያልቃል፤ ለተከታዩ ትውልድ የሚተላለፈው አቀራረጹ ነው።

ከዚህ በኋላ ሦስት ነገር ወሰንን። አንደኛ፣ የገዛነውን ብዕር ከማጽዳታችን በፊት ምልክቱን ሁሉ በደብተር እንመዘግባለን፤ የምናጥበውም ለብ ባለ ውሃ ነው፤ አልኮል የፓርከር 51ን ገላ ይሰነጥቃልና። ሁለተኛ፣ ከሻጩ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ማን ምን እንደ ጻፈበት እንጠይቃለን። ሦስተኛ፣ ከገዳምና ከቤተ ክርስቲያን ቀንድም ሆነ ብራና አንገዛም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ከቦታው የተነሣ ዕቃ ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ መድረሻው አይታወቅም።

የየኔታን ጥያቄ ለእናንተም እናቀርባለን። እኛ የተሰጠንን መቃ በሣጥን አልዘጋንበትም፤ ይህን ንግግር መጀመሪያ የጻፍነው በእርሱ ነው። ፊደላችን ባያምር ጥፋቱ የእጃችን ነው፤ ብዕሩስ ደኅና ነው።