ከባይት እስከ ፓኬት፦ ሲሪያል መስመርን ከኔትወርክ ጋር ስለማገናኘት



ከከተማ ርቆ በወንዝ ዳር የተተከለ የውኃ ከፍታ መለኪያን አስቡ። በውስጡ አንድ ማይክሮኮንትሮለርና አንድ የሞባይል ሞደም አሉ፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሲሪያል መስመር ነው። ይህ መስመር ሲታወክ መሣሪያውን አጥፍቶ የሚያበራ ሰው በአጠገቡ የለም። ስለዚህ ዛሬ የማነሣው የድራይቨር አሠራር የመሣሪያውን አገልግሎት የሚወስን ጉዳይ ነው።

ሲሪያል መስመር የሚያውቀው ባይትን ብቻ ነው፤ ባይቶቹ ያለ ወሰን ተከታትለው ይፈስሳሉ። ስታክ ብለን የምንጠራው የኔትወርክ ሶፍትዌር ግን መነሻና መድረሻው የታወቀ ፓኬት ይጠብቃል። በመካከላቸው የሚቆመው ድራይቨር የመጀመሪያ ግዴታው ድንበር ማበጀት ነው።

ቀላሉን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1988 በአርኤፍሲ 1055 የተጻፈው ስሊፕ ያሳየናል። ፓኬቱ ሲያበቃ 192 ቁጥር ያለው ባይት ይላካል። ይኸው ባይት በመረጃው ውስጥ ቢገኝስ? በእርሱ ፈንታ 219 እና 220 ተከታትለው ይላካሉ፤ 219 ራሱ ሲገኝ ደግሞ 219 እና 221። ደንቡ በጥቂት መስመር ኮድ ይጻፋል፤ ነገር ግን ስሕተትን የሚለይበት ዘዴ የለውም። ዩዲፒ ደግሞ በአይፒ 4ኛ ሥሪት ላይ የመፈተሻ ቁጥሩን መተውን ይፈቅዳል። ሁለቱ ሲገጣጠሙ የተበላሸ የውኃ ከፍታ ትክክለኛ መስሎ ሊደርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1994 በአርኤፍሲ 1661 እና 1662 የተደነገገው ፒፒፒ በእያንዳንዱ ፍሬም መጨረሻ የመፈተሻ ቁጥር ስለሚያኖር፣ ለእንዲህ ያለው ሥራ እርሱን እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ጉዳይ ጊዜ ነው። በሰኮንድ 115,200 ቢት በሚያስተላልፍ መስመር ላይ፣ የመነሻና የማብቂያ ቢቶች ተጨምረው አንድ ባይት 10 ቢት ይወስዳል። ይህም በሰኮንድ 11,520 ባይት ማለት ነው፤ በየ87 ማይክሮሰኮንዱ ገደማ አንድ ባይት ይደርሳል። አንዲት ባይት ሳትነሣ ብትቀር መላው ፓኬት ይጠፋል። ስለዚህ የኢንተራፕት ተግባሩ አንድ ሥራ ብቻ ይኑረው፦ ባይቱን አንሥቶ እንደ ቀለበት በሚዞር ቋት ውስጥ ማኖር። ድንበር መፈለግ፣ መፈተሽና ለስታኩ ማስረከብ ለዋናው ፕሮግራም ይተው። በስዊድን የኮምፒውተር ሳይንስ ተቋም በአዳም ደንከልስ የተጀመረው ኤልደብልዩአይፒም ይህንኑ ያስገድዳል፤ ዋናው ክፍሉ በአንድ ጊዜ ከሁለት አቅጣጫ እንዲጠራ አልተሠራም።

የቋቱ መጠን በግምት አይወሰንም። ዋናው ፕሮግራም ቢበዛ 20 ሚሊሰኮንድ የሚዘገይ ከሆነ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ 230 ባይት ያህል ይከማቻል። 256 ባይት ለጥቂት ይበቃል፤ 512 ግን እፎይታ ይሰጣል። ሞደሙን «ቆይ» የሚለውን የመቆጣጠሪያ ሽቦ ለቁጠባ የሚያስቀር ሰው ይህን ስሌት መዝለል አይችልም።

ሦስተኛው ስሕተት ሲደርስ የሚወሰደው እርምጃ ነው። የድንበር ባይት ከጠፋ ሁለት ፓኬቶች ተጣብቀው ይመጣሉ፤ ስለዚህ የፓኬቱ ርዝመት ጣሪያ ይበጅለት። ከጣሪያው ያለፈውንና ፈተናውን ያላለፈውን ድራይቨሩ ለመጠገን አይሞክር፤ ጥሎ እስከሚቀጥለው ድንበር ይጠብቅ። የጠፋውን እንደገና መላክ የቲሲፒ ድርሻ ነው። የተጣሉት ግን ይቆጠሩ፤ ቁጥራቸውም ከልኬቱ ጋር ይላክ። መስመሩ ፈጽሞ ከመዝጋቱ በፊት ስለ ሕመሙ የሚነግረን እርሱ ነውና።

ውድ ተማሪዎች፤ ድራይቨራችሁ መልእክት ስላደረሰ ብቻ ተጠናቋል አትበሉ። በሥራ ላይ እያለ ሽቦውን ንቀሉና መልሱ፤ ትርጉም የሌላቸው ባይቶችም ላኩበት። ማንም ሳይነካው በራሱ ተመልሶ መልእክቱን የሚቀጥል ከሆነ፣ ያን ጊዜ ወደ ወንዙ ዳር ሊሄድ ይችላል።