ያለ ኢንተርኔት የሚጀመር የድረ ገጽ ትምህርት



ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ሽንፋ ላለ ጀማሪ የድረ ገጽ ትምህርትም አብሮ የተቋረጠ ሊመስል ይችላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ለኤችቲኤምኤል ትምህርት የጽሑፍ ማዘጋጃና ማሰሻ ይበቃሉ፤ ተማሪው ፋይሉን በራሱ ኮምፒዩተር አስቀምጦ ይከፍተዋል። ኮምፒዩተሩን ማግኘት ግን ሌላ ጣጣ ነው፤ አንድ አሮጌም ቢሆን ለአምስት ተማሪ ይዳረሳል።

የመጀመሪያው ገጽ የሰሊጥ ዋጋ ሰንጠረዥ ይሁን። ኤችቲኤምኤል የጽሑፉን ምንነት ይናገራል፤ ርዕስ ነው፣ አንቀጽ ነው፣ ሰንጠረዥ ነው ይላል። መልኩ የሲኤስኤስ ድርሻ ነው። ጀማሪዎቻችን ግን ከቀለም ይጀምራሉ።

አንድ መስመር ላይ ልዘግይ። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ተካቷል፤ በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ገጹ የፊደል አጻጻፍ ሥርዓቱን በትክክል ካልገለጸ፣ ማሰሻው እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ የላቲን ምልክት ሊያነብ ይችላል። ያን ጊዜ «ሰሊጥ» 9 ትርጉም አልባ ምልክቶች ይሆናል፤ ገበሬውም ከዋጋው ፊት ቆሞ ምን እንደሚሸጥ አያውቅም። ተማሪው በመምህሩ ቃል ብቻ አይመን፤ በዩቲኤፍ-8 ፋንታ ዊንዶውስ-1252 ብሎ ይጻፍና በዓይኑ ይየው።