ሙሽራዋን በቤታችን እናስውባት

በካኩማ የስደተኞች መጠለያ በሬዲዮ የቀረበ የጤና ንግግር

  እነሆ ጥር ገብቷል። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ልጁን መዳር የሚፈልግ ቤተሰብ ሁሉ ይጣደፋል። በካኩማ አንድ ባለው ሰፈራችን ብቻ በዚህ ወር የስንት ሰርግ ድግስ እንደተጠራን እናንተው ታውቃላችሁ። ስለዚህ የዛሬው ንግግራችን ስለ ወባ ወይም ስለ ውኃ ማፍላት አይደለም። ሙሽራዋና ሚዜዎቿ ለሰርጉ እንዴት እንደሚዋቡ እንነጋገራለን። ወንዶችም ሬዲዮኑን አትዝጉብን። ክሬሙን ከሱቅ ገዝታችሁ የምታመጡት ብዙ ጊዜ እናንተ ናችሁና።

በመጀመሪያ አንድ የገጠመንን ልንገራችሁ። አንዲት እናት የአምስት ወር ልጇን አቅፋ ክሊኒክ መጣች። ሕፃኑ ሌሊት አይተኛም፣ ያለማቋረጥ ይነጫነጫል፣ ጡት በደንብ አይጠባም፣ መዳፉና የእግሩ ውስጥ ቀልቶ ይላጣል። እኛ መጀመሪያ የጠረጠርነው ሌላ ነገር ነበር። ደሙ ተመረመረ፤ ወባ የለበትም። ሐኪሙ እናቲቱን ስለ ራሷ ሲጠይቃት ግን እሷም እንቅልፍ እንደራቃት፣ የቡና ሲኒ ስትይዝ እጇ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ጠዋት ጠዋት ፊቷ እንደሚያብጥ ተናገረች። ከዚያ ከቦርሳዋ አንዲት ነጭ ቢልቃጥ አወጣች። በቢልቃጧ ላይ ስም የለም፣ የተሠራበት አገር የለም፣ የሚያበቃበት ቀን የለም። ለእህቷ ሰርግ ብላ የጀመረችው ቆዳ የሚያቀላ ክሬም ነበር። ሐኪሙ ክሬሙን በዕለቱ አስቁሞ ሁለቱንም ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላካቸው።

እህቶቼ፣ ልብ በሉልኝ። ሕፃኑ አንድም ቀን ክሬም ተቀብቶ አያውቅም። የተኛው ግን በእናቱ ደረት ላይ ነው። የተጠቀለለው በእሷ ነጠላ፣ የታበሰው በእሷ ፎጣ ነው።

እነዚህ ስም የለሽ ክሬሞች ምን አለባቸው? አንዳንዱ ሻጭ ሦስት አራት ዓይነት ክሬም ከየቱቦው ጨምቆ በአንድ ቢልቃጥ ያማስላል። ታንዛኒያዎች ይህን ድብልቅ “ምኮሮጎ” ይሉታል፤ የተማሰለ ማለት ነው። ሻጩ ራሱ ምን እንደጨመረበት በትክክል አያውቅም። በእንዲህ ዓይነት ክሬሞች ውስጥ በብዙ አገሮች በምርመራ የተገኙት ሦስት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው ሜርኩሪ ነው። አባቶቻችን ባዜቃ የሚሉት፣ እንደ ብር የሚያብለጨልጨው ፈሳሽ ማዕድን ማለት ነው። ክሬም ውስጥ ሲገባ ግን አያብለጨልጭም፣ ሽታም የለውም፤ በዓይን አይታወቅም። ቆዳችን ቀለሙን እንዳይሠራ ያግደዋል፤ የሚያቀላውም በዚህ ነው። ነገር ግን በቆዳ አልፎ ወደ ደም ይገባና ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። እጅ መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መርሳት፣ ያለ ምክንያት መቆጣት፣ የፊትና የእግር እብጠት፣ አረፋ የሚበዛበት ሽንት ምልክቶቹ ናቸው። ከዚህም ሌላ ከክሬሙ እየተነነ በቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይተነፍሰዋል። ጠባብ ቤት ውስጥ፣ በዚህ በቱርካና ሙቀት፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መንግሥታት በ2013 እ.ኤ.አ. በተስማሙበት የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ ያለበት መዋቢያ ተከልክሏል። በ2023 ደግሞ ክልከላውን አጥብቀው፣ ከ2025 በኋላ ሜርኩሪ የተጨመረበት ማንኛውም መዋቢያ እንዳይመረትና ከአገር አገር እንዳይሸጥ ወስነዋል። ክልከላው ግን በድብቅ የሚማሰለውን አላስቆመውም።

ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው። ሐኪም ለተወሰነ ጊዜ ሊያዝዘው የሚችል መድኃኒት ነው፤ በዘፈቀደ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ግን ጉንጭና ግንባር ላይ ሰማያዊ የሚመስል ጥቁረት ያመጣል። ልትቀላ የፈለገችው ልጅ የማይለቅ ጥቁር ነጥብ ይዛ ትቀራለች። ሦስተኛው እንደ ክሎቤታዞልና ቤታሜታዞን ያሉት የሐኪም ቅባቶች ናቸው። እነዚህ ሽፍታ ለማከም የተሠሩ እንጂ ለውበት የተሠሩ አይደሉም። ወራት ሲቀቧቸው ቆዳው ይሳሳል፣ ፊት ብጉር ያወጣል፣ ጭን ላይ ሰንበር ይወጣል፣ ቁስል ቶሎ አይድንም። ለነፍሰ ጡር ደግሞ በምጥ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ብትወልድ የሳሳ ቆዳ መስፋት አስቸጋሪ ነው።

አሁን “እኔ ጀምሬዋለሁ፣ ምን ላድርግ?” የምትል እህት ትኖራለች። ቢልቃጡን በሁለት ላስቲክ ጠቅልለሽ ይዘሽ ወደ ክሊኒክ ነይ። ማንም አይቆጣሽም። ከዛሬ ጀምሮ ለልጅሽ በነካሽበት እጅ አትቀቢው፤ አንሶላሽንና ፎጣሽን እጠቢ። ለረጅም ጊዜ የተቀባሽው የሐኪም ቅባት ከሆነ ስታቆሚው ቆዳሽ ሊቀላና ሊያቃጥልሽ ይችላል፤ ያ ያልፋል፣ ግን ሐኪም እያየሽ ይሁን። ቢልቃጡን ግን እሳት ውስጥ አትጣይው። ሜርኩሪ ካለበት ጭሱ መርዝ ነው።

ታዲያ ሙሽራዋ በምን ትዋብ? መልካም ጥያቄ ነው፤ ወደ እሱ እንምጣ። እዚህ ጎረቤቶቻችን ከሆኑት ሱዳናውያት ብዙ ተምረናል። እነሱ ለሙሽራ ድልካ የሚሉትን ከእህል ዱቄት ሠርተው፣ በእንጨት ጢስ አጥነው፣ ገላዋን ያሹላታል። የእኛ ቀላሉ አሠራር እንዲህ ነው። ሁለት እፍኝ ሻከር ብሎ የተፈጨ የማሽላ ዱቄት ውሰዱ። የሰሊጥ ዘይት ጠብ እያደረጋችሁ እንደ ሊጥ ሲያያዝ አቁሙ። በረጠበ ገላ ላይ በቀስታ አሹት፤ ክርን፣ ጉልበት፣ ተረከዝ ላይ ረዘም አድርጉ። ፊት ላይ ግን አይሁን፣ ዱቄቱ ይፍቃል። ከዚያ በውኃ ተለቃለቁና ገላው ሳይደርቅ፣ ገና ወዝ እያለው፣ ቫዝሊን ወይም ያንኑ የሰሊጥ ዘይት ተቀቡ። ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው፤ ደረቅ ገላ ላይ የተቀባ ቫዝሊን ያብለጨልጫል እንጂ አያለሰልስም፣ እርጥብ ገላ ላይ የተቀባው ግን ውኃውን ይዞ ያቆየዋል። ከሰርጉ በፊት ለአሥር ቀን ማታ ማታ የተቀባች ሙሽራ በክሬም ከተፋቀችው ይልቅ ታምራለች፤ ይህን የምለው ሁለቱንም ዓይነት ሙሽራ አይቼ ነው።

አንዳንዶች ፊታቸውን በሎሚ ያሻሉ። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ያቃጥላል፣ ያጠቁራል፣ አንዳንዴም ውኃ ያቋጥራል። ሎሚው ለሰላጣ ይሁን።

ስለ ሂና ደግሞ ራሴ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አገር ቤት እናቶቻችን የእንሶስላ ሥር ወቅጠው፣ እጅና እግር ላይ አድርገው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ያሳድሩ ነበር። እዚህ እንሶስላ ስለማይገኝ በሂና ተክተነዋል። ከብዙ ዓመት በፊት በታናሽ እህቴ ሰርግ ዋዜማ አንዲት ሴት “ጥቁር ሂና አለኝ፣ በግማሽ ሰዓት ይይዛል” ብላ እጄን ሣለችልኝ። እውነትም እንደ ከሰል ጥቁር ሆነ። በሦስተኛው ቀን ሥዕሉ በተሣለበት መስመር ሁሉ ቆዳዬ አብጦ ውኃ ቋጠረ፤ ሌሊቱን ስቅበጠበጥ አደርኩ። ጠባሳው ዛሬም አለ። ያኔ የጤና ሥልጠና አልወሰድኩም ነበር።

በተፈጥሮ ጥቁር የሆነ ሂና የለም። የሂና ቅጠል የሚሰጠው ብርቱካንማ ቀለም ነው፤ በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ቡናማ ቀይ ይዞራል፤ ለመያዝም ሰዓታት ይፈልጋል። በደቂቃዎች ውስጥ የሚጠቁረው የጸጉር ማጥቆሪያ ዱቄት ስለተጨመረበት ነው። በዚያ ዱቄት ውስጥ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል አለ። በሱዳን ሰዎች በዚህ ዱቄት ምክንያት ፊታቸውና ጉሮሯቸው አብጦ ትንፋሽ እያጠራቸው ሆስፒታል ገብተዋል፤ የሞቱም አሉ። አንድ ጊዜ ቆዳው የተቆጣበት ሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ የጸጉር ቀለም ሲነካው ሊያብጥ ይችላል። እኔ ሽበቴን የተውኩት በዚህ ነው፤ ጨዋ ሆኜ አይደለም!

ስለዚህ ሂናውን ቤት አዘጋጁት። አረንጓዴውን የቅጠል ዱቄት በሞቀ ሻይ ለውሱ፣ ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ጨምሩ፣ ለጥቂት ሰዓታት ሸፍናችሁ አቆዩት። በላስቲክ ቀዳዳ እየጨመቃችሁ ሣሉ፤ ሲደርቅ የስኳር ውኃ በጥጥ ንኩት፣ እንዳይረግፍ ይይዘዋል። አሳድሩት። ቀድሞ ግን ክርን ውስጥ ትንሽ አድርጋችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። ለሕፃናት ሂና አታድርጉ። በትውልድ የደም ችግር ያለባቸው ሕፃናት አሉ፤ ሂናው ደማቸውን ሊሰባብር ይችላል፣ ችግሩ እንዳለባቸው ደግሞ አስቀድሞ አይታወቅም። ሕፃን ዓይን ላይ የሚደረግ ኩልም እንዲሁ ይቅር። በገበያ ያለው ኩል ብዙ ጊዜ እርሳስ የሚባለው ማዕድን አለበት፤ ልጆች የሚጽፉበት እርሳስ ማለቴ አይደለም። ይህ ማዕድን የሕፃንን አእምሮ ይጎዳል።

የወይባ ጢስ የምትሞቁ፣ አንድ ነገር ብቻ። በሩ ተዘግቶ ከሰል ሲነድ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ይወጣል፤ ሰው እንቅልፍ የወሰደው መስሎት ይቀራል። በሩ ገርበብ ይበል፣ ሙሽራዋ ጭንቅላቷ ከብርድ ልብሱ ውጭ ይሁን፣ አንድ ሰው አብሯት ይቀመጥ። ራሷን ካዞራት ወይም ካቅለሸለሻት ወዲያው ወደ ውጭ አውጧት። ነፍሰ ጡር ግን ጢስ ባትሞቅ ይሻላል።

ሹሩባውም ከሥሩ እየተጎተተ ግንባር የሚያሳምም ከሆነ ፈትታችሁ እንደገና ላላ አድርጋችሁ ሥሩት። ጸጉር በመጎተት ብዛት ከፊት የሚሸሸው በዚህ ነው።

እንግዲህ ሙሽራዋ ሂናው እስኪደርቅላት እጇን ዘርግታ ስትቀመጥ ሚዜዎቹ ሥራ ፈትተው አይቀመጡ፤ ዳቦ ቆሎ ይሥሩ። አራት ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ ዘይት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ለወደደ ጥቂት በርበሬ። ዘይቱን መጀመሪያ ከዱቄቱ ጋር በእጅ አሹት፤ ከዚያ ለብ ያለ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመራችሁ ጠንካራ ሊጥ አድርጉት። ሊጡ እጅ ላይ ከተጣበቀ ውኃ በዝቷል። ሃያ ደቂቃ ሸፍናችሁ አሳርፉት፤ እንደ ጣት አድቡልቡላችሁ ሽንብራ እያሳከላችሁ ቁረጡት። በምጣድ ወይም በብረት ድስት፣ በቀዝቃዛ እሳት፣ ሳትሰለቹ እያማሰላችሁ ቁሉት። እሳቱ ከበረታ ውጩ ያርና ውስጡ ሊጥ ይቀራል። በደንብ ቀዝቅዞ ክዳን ባለው ጣሳ ከተቀመጠ ለሳምንታት አይበላሽም። ለሽማግሌዎቹም ለሕፃናቱም ዕቁባችሁን ታተርፋላችሁ ልል ነበር፣ ግን ከአራት ዓመት በታች ላሉ ልጆች አትስጡ፤ ጠንካራ ነውና ጉሮሯቸው ላይ ይሰነቀራል። ለእነሱ ከዚያው ሊጥ ትንሽ ቂጣ ጋግሩላቸው።

ቢልቃጥ ያላችሁ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ይዛችሁ ኑ፤ ሕፃን ካለ ሕፃኑንም አምጡት። ጤና ይስጥልን፣ መልካም ሰርግ።